በዓይኔ በብረቱ ያየሁት አፈር

ሰኞ ማታ

የግርጌውን ጉድጓድ ዛሬ ጨረስኩ። ወገቤ የእኔ አይደለም።

ያስቆፈርነው ሁለት ነው፤ አንዱ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ ሌላው ከታች፣ ሜዳው ከሚጀምርበት። የላይኛው ቀይ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። የግርጌው አናቱ ጥቁር ነው፤ ከጉልበት በታች ቡናማ። የቀለም መጽሐፉን አውጥቼ፣ እርጥቡን ጓል ከገጹ ቀዳዳ ኋላ ይዤ፣ አጠገቡ ከተለጠፉት የቀለም ካርዶች ጋር አስተያየሁት። ቡናማ ነው። ቡናማ ማለት ውሃ አይተኛበትም፣ ሥር ይተነፍስበታል ማለት ነው። ይኸው፣ በዓይኔ በብረቱ።

ሥራው የታናሽ እህቴ ጉዳይ ነው። አስተማሪነቷን ትታ የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ሰብሳቢ ሆናለች፤ ማኅበሩ ኮረብታውን ከነግርጌው አቮካዶ ሊተክልበት ነው። አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ቀስ እያለ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ማገዶ ነው። ስለዚህ ችግኙ ከመምጣቱ በፊት የእኛ መሥሪያ ቤት አፈሩን መርምሮ ዓይነቱን ይንገረን አሉ። ለኃላፊዬ "የእህቴ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው ይሂድ" ብዬው ነበር። "አንተ ለእናትህም አታዳላም" አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

እህቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ስትጠብቀኝ ዋለች። "ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ጥሩ ስም ስጠው።"

"ስም የማወጣው ለሕፃን መሰለሽ?"

"ለእኔ ልጄ ነው" አለች። ልጅ የላትም። ከእያንዳንዱ የአፈር ሽፋን ቆንጥሬ ለላቦራቶሪ በከረጢት ማሰር ጀመርኩ።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ሳሎኑን ቀለም አስቀብታ ጠበቀችኝ። "እንዴት ነው?" አለች። "ያምራል። ቅቤ ይመስላል፣ ቤቱን አሞቀው" አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስትስቅ ሰማሁ። ባሏ ሲያመሰግናት የምትስቅ ሴት ምን ይሏታል?

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

በችኮላ። ከሚዛን ጋር ተጣላሁ።

ሚዛን የምንላት የላቦራቶሪዋን ኃላፊ ነው። የምትናገረውን ቃል እንኳ መዝና ነው የምታወጣው። በሩ ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ የግርጌው የታችኛው ሽፋን ብረቱ የት ሄደ?" አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አፈር ቡናማ የሚሆነው በዝገት ነው። ዝገቱ ካለ ስትለካው ይወጣል። ስትለካው ግን የለም ማለት ይቻላል አለች። "ብረት የሌለው ቡናማ አፈር የት አየህ?"

ከረጢት ቀይረሻል አልኳት። ምላስ እንጂ ከረጢት ቀይሬ አላውቅም አለች። ሄጄ ሻይ ጠጣሁ።

ማክሰኞ ማታ

ሚዛን ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ወንፊቷን ትመርምር።

የዛሬው ተረኛ ደመናው ነበር። ደመናው የምንለው የዝናብ መዝገብ ያዡን ነው፤ ሰማይ ቢጠራም ጥላ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። የዚያን አካባቢ የብዙ ዓመት ዝናብ ደምሮ አመጣልኝ። በክረምቱ አጋማሽ የሚወርደው ውሃ ፀሐይ ከምታተነው በእጥፍ ይበልጣል። "የተረፈው ውሃ የት ይሄዳል ጋሼ? እናንተ ቤት አይመጣ።"

"ወደ ታች ይሰርጋላ።"

"በዚያ ሸክላ ውስጥ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሸክላነቱን ጣቶቼም ነግረውኛል። አርጥቤ ሳሸው እንደ ሊጥ ይሳባል፣ ሳድበለብለው ገመድ ሆኖ አይበጠስም። ትንሽ ቆንጥሬ በጥርሴም ሞከርኩት፤ አሸዋ የሚባል አያንቀጫቅጭም። (ባለቤቴ ይህን ካወቀች ወዲህ እራት ሲዘገይ "አፈርህን ብላ" ትለኛለች።) ግን ሸክላ ሆኖ ውሃ የሚያሳልፍም አለ። መለያው ቀለሙ ነው። ቀለሙን ደግሞ አይቻለሁ።

ለደመናው መለኪያህ ዛፍ ሥር ነው የቆመው አልኩት። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል አለኝ። እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

ሐሙስ

የከፍታ ካርታውን ዘረጋሁ። መስመሮቹ ግርጌው ላይ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ቦታው እንደ መዳፍ ነው፣ ከኮረብታው የወረደ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ካርታውን የሠራው ሰው ቦታውን አልረገጠውም መሰለኝ። መስመሮቹም ቀጫጭን ሆነው ነው የታተሙት። አሁን አሁን ሁሉን ነገር ቀጭን አድርገው ያትማሉ።

አምፖሉም እንደዚያው። ዙሪያውን ጭጋግ አለበት። ባለቤቴ "ሁለተኛ አምፖል ነው የቀየርኩልህ፣ የሚቀረው ባል መቀየር ነው" አለች።

ሰኞ

ኮሪደር ላይ ሳልፍ ሾፌራችን ለፀሐፊዋ ሲነግራት ሰማሁ። "ዛሬ ጋሼ የኮት መስቀያውን እንዴት አደሩ አለው። ጎንበስ ብሎ።" ተሳሳቁ።

መስቀያው ላይ የኃላፊያችን ኮት ነበር። ሰው ሲከበር ከነኮቱ ነው።

ረቡዕ

ችግሩ ተገኘ። መጽሐፉ ነው የደበዘዘው። ከግራጫው ገጽና ከቡናማው ገጽ ሁለት ካርዶች አመሳከርኩ፤ ልዩነታቸው አይታይም። ያው ነው። ፀሐይ በልታዋለች፣ ስንት ዓመት ሜዳ ለሜዳ ይዤው ዞሬአለሁ። ለኃላፊዬ ነግሬው አዲስ መጽሐፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሊያስመጣ ተስማማ። ልቤ አረፈ። ሚዛንም ስትሰማ "አዲስ መምጣቱ ጥሩ ነው" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

እህቴ ማታ ደወለች። በየማታው ነው የምትደውለው። "ጋሼ፣ ልጄ ስም ወጣለት?"

"አትቸኩይ።"

"ችግኝ አቅራቢው ቀጠሮ ጠይቆኛል። አባላቱም እኔን ነው የሚያዩት። ከማስተማር ወጥቼ እነሱን ሰብስቤ… ጋሼ፣ ግርጌው ከቀረ ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ግማሽ ይዤ ፊታቸው አልቆምም።"

"ግርጌው ደህና ነው" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግን ደህና ነው። ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ማክሰኞ

አዲሱ መጽሐፍ መጣ። ማሸጊያውን ራሴ ቀደድኩት።

እሱም ደብዝዟል።

በዚህ ዘመን ቀለም እንኳ በሥርዓት አይሠራም። ካለፈው የሚሻለው ሽፋኑ ብቻ ነው። ለሚዛን አሳየኋት፣ "እዪ፣ ይሄ ግራጫ ነው? ይሄስ ቡናማ ነው?" ገጹን አየች፣ እኔን አየች። "እሺ ጋሼ" አለች። "እሺ" ስትል እንደዚህ ደስ የማይል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ አሸነፍኳት። ሚዛን ከየቦታው የመጣ ጓል በየወረቀቱ ላይ ዘርግታ "ለሠልጣኞች ማሳያ ነው፣ ቀለማቸውን ንገረኝ" አለችኝ። ሳላመነታ ከዳር እስከ ዳር ጠራኋቸው። ይሄ ቡናማ፣ ይሄ ቡናማ፣ ይሄ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ይሄ ቀይ። ደመናውም ቆሞ ነበር። ሁለቱም አፋቸውን ያዙ። አንዱን እንኳ የሚያርመኝ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ሚዛን እኔን ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ሻይ ቀዳችልኝ። ተሸናፊ ሻይ ሲቀዳ ደስ ይላል። ግን ለምን ስኳሩን እሷ አማሰለችልኝ?

ዓርብ

ጠረጴዛዬ ላይ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ካርድ አገኘሁ። ስሜ ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ የሚዛን ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው። ራሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልገው ማን ሆነና።

ካርዱን አልቀደድኩትም። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሰኞ

ፈርሜ ሰጠሁ። የሜዳ መግለጫዬን ብቻ፤ ሙሉው ሪፖርት ይከተላል። "የታችኛው ሽፋን ቡናማ፣ ውሃ አሳላፊነቱ ጥሩ።" እህቴ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ ወረቀቱን ወሰደች። አንገቴን አቅፋ፣ "ስታረጅ የአቮካዶ ጥላ ሥር ነው የማስቀምጥህ" አለች።

"አላረጀሁም።"

"እሱንማ ሸሚዝህ ይናገራል" አለች። አንዱን ቁልፍ ዘልዬ ነው የቆለፍኩት። ራሷ ፈትታ ቆለፈችልኝ። ልጅ ሆና እኔ ነበርኩ የምቆልፍላት።

ችግኙ ቅዳሜ ይገባል።

ሐሙስ ማታ

ረጅም ይሆናል፤ እንቅልፍ የለም።

ኃላፊዬ "ሪፖርቱን ዝጋልኝ" ብሎኝ ከሰዓት በኋላ ማጠቃለያውን ጀመርኩ። የእኛ ማጠቃለያ አራት መስመር አለው። ላቦራቶሪ ምን ይላል፣ የአየር ጠባይ ምን ይላል፣ የመሬቱ አቀማመጥ ምን ይላል፣ የሜዳ ምርመራ ምን ይላል። አፈር በአንድ ምስክር አይፈረድበትም። ይህን ሥርዓት ለሠልጣኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ሞላሁት። ላቦራቶሪ፦ ዝገት የለም፣ ከባድ ሸክላ፤ ውሃ ይተኛበታል። የአየር ጠባይ፦ ዝናቡ ከትነቱ ይበልጣል፤ ውሃ ይተኛበታል። አቀማመጥ፦ ጎድጓዳ ግርጌ፤ ውሃ ይተኛበታል። አራተኛው፦ ቡናማ፣ ውሃ አሳላፊ፣ ደህና።

ለሠልጣኞቹ ሁልጊዜ የምላቸው አለ። ሦስቱ ተስማምተው አንዱ ካፈነገጠ ሦስቱን አትውቀሱ፣ አንዱን መርምሩ። እዚህ ስደርስ ይስቃሉ፤ የምናገርበት አኳኋን ያስቃቸዋል። ያፈነገጠው መስመር ትይዩ "መርማሪ" በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሳሎን ገብቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ልብስ ታጥፋለች። "ይሄ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አልኳት።

እጇ ቆመ። "ቅቤ አላልክም?"

"አንቺን ነው የጠየቅሁሽ።"

"ሰማያዊ ነው" አለች። "ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰማያዊ ነው።"

ተቀመጥኩ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "ብነግርህ ቀለም ቀቢውን ነበር የምታባርረው" አለች እየሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። "ራስህ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበር። ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ።"

አልፈራሁም ልላት ነበር። ፈርቼአለሁ። ከዓይኔ ሌላ ምን አለኝ? ሌላው ሰው መሬት ሲያይ መሬት ነው የሚያየው፤ እኔ ሳይ ውሃው የት እንደተኛ፣ ሥሩ የት እንደደረሰ ነበር የማየው። ያን ካጣሁ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሽማግሌ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከራሴ ነው የደበቅሁት። የደበቅሁትም በእህቴ ማሳ ላይ ነው።

ቅዳሜ ችግኙ ይመጣል። ነገ እሄዳለሁ።

ዓርብ

ሚዛንን ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየች መጣች። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ፣ ጓሉን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይታ፣ ጮክ ብላ አነበበች። ግራጫ፣ አረንጓዴ የሚያጠላበት። ውሃ የሚተኛበት አፈር ሁነኛ ምልክት ነው። እኔ የማየው ያንኑ ቡናማ ነበር።

እህቴ ስትመጣ ጓሉን እጄ ላይ ይዤ ነበር። ተዘጋጅቼ የሄድኩበት ንግግር ነበረኝ፣ አላወጣሁትም። "ዓይኔ ታሟል" አልኳት። "የሰጠሁሽ ወረቀት ስህተት ነው። ግርጌው ላይ አንዲት ችግኝ እንዳትተክዪ።"

ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አውጥታ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ትናንት።"

"ጋሼ፣ ትናንት ነው?"

ሚዛን ወደ ኮረብታው ፊቷን አዞረች። "ትናንት ለራሴ አመንኩ" አልኳት። "ሳላውቅ አልቀረሁም።"

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ በጮኸችብኝ። "ነገ አባላቱ ፊት እኔ ነኝ የምቆመው" አለች። "ወንድሜ ነው የመረመረው እያልኩ ነው ያሰባሰብኳቸው።"

"አብሬሽ እቆማለሁ።"

"ትቆማለህ" አለች። "ሸሚዝህን ግን በሥርዓት ቆልፈህ ና።"

ቅዳሜ

ቆምኩ። ተናገርኩ። ሁለት አባላት ወንበራቸውን ገፍተው ወጡ። አንዱ ሲወጣ "ዕውር መርቶን ኖሯል" አለ፣ እንድሰማ አድርጎ። እህቴ ሰማች። የችግኙን መኪና ወደ ላይኛው ማሳ መራችው። የተረፈውን ችግኝ አቅራቢው መልሶ ጫነ። መኪናው እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው።

ግርጌው ባዶ ቀረ።

ማክሰኞ

ክሊኒክ። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁት፤ ቀኑ አልፎበታል፣ ግን ተቀበሉኝ። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም፣ የበሰለ ነው አለች። ቢጫ መነጽር አድርጎ እንደመኖር ነው አለችኝ፤ ሰማያዊና ግራጫ መጀመሪያ ይጠፋሉ። "ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የአፈር ቀለም አነባለሁ።"

መጻፏን አቆመችና ቀና አለች። ከዚያ "ቀኙን እናስቀድም" አለች።

ሰኞ

ቀኝ ዓይኔን ቀዶ ሕክምና አድርገውልኝ ነበር፤ ዛሬ ፋሻው ተነሣ። ሳሎኑ ሰማያዊ ነው። በጣም ሰማያዊ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰማያዊ ያለ ባል ምክር ይቀባል እንዴ?

ባለቤቴን አየኋት። "ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ መጣ?"

"አንተ ጭቃ ስታይ" አለች።

እሑድ

ዝናቡ ገብቷል። ጠዋት እህቴ ደወለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። "ና ጉድጓድህን እይ" ብቻ አለችና ዘጋችው።

መኪናውን ባለቤቴ ነዳች። ላይኛው ማሳ ላይ ችግኞቹ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ይታየኛል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው። ግርጌው ውሃ ነው። ጉድጓዱ ከግማሽ በላይ ሞልቷል፣ እንቁራሪቶች ይጮኹበታል። እህቴ ቦት ጫማዋን አድርጋ አፋፉ ላይ ቆማለች።

"አዲስ አባላት አግኝቻለሁ" አለች፣ ወደ እንቁራሪቶቹ እያመለከተች። "ሁለቱ በወጡ፣ እነዚህ ተመዘገቡ።"

አልሳቅኩም። ይህ ሁሉ ውሃ ዛሬ የችግኝ ሥር ላይ ሊቆም ነበር፤ በእኔ ፊርማ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ጎንበስ ብዬ ከውሃው በላይ ካለው ግድግዳ አንድ ጓል ፈለቀቅሁ። ሰበርኩት። ግራጫ ነው፤ አረንጓዴ ያጠላበታል፣ በውስጡ የድሮ ሥር ያለፈበት ሁሉ ቀጭን የዝገት ክር ተከትሎታል። ስንት ጊዜ እጄ ላይ ይዤው ነበር። እንዲህ ያምር እንደነበር አላየሁም። እንባዬ መጣ፤ ሐኪሟ እንዳላለቅስ ነግራኛለች፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁት። ቡናማ። ግራውን ጨፍኜ በቀኙ አየሁት። ግራጫ። ደገምኩት።

"ማንን ነው የምትጠቅሰው?" አለች እህቴ።

ነገርኳት። ጓሉን ከእጄ ወስዳ እሷም አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው፣ ሌላውንም። ለእሷ ሁለቱም ያው ነበር። ግርጌውን እንደገና አየችው፣ ባዶውን፣ ውሃውን። ቦርሳዬን ከፍታ የሜዳ መግለጫ ቅጹንና እስክሪብቶውን አወጣች። በእኛ ሥርዓት የተሳሳተ ንባብ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እንዲነበብ ሆኖ። የእኔ ቡናማ ተሰርዞ እዚያው አለ፤ ከጎኑ የሚዛን ንባብ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር።

እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

"በቀኙ ጻፍ" አለች።